መርፌ አልፈልግም ብያለሁ

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ሁለቱም ሳቁ። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ አለበለዚያ ነገ "ማን ሳቀ? አንቺ ነሽ የመሰለሽ" ሲሉኝ አምናቸዋለሁ።

ሐኪሙ ሆዴን ለካ፣ የሕፃኑን የልብ ትርታ አሰማን፣ እጁን እየታጠበ "እንግዲህ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረን" አለ። የቀረን! አብሮኝ የሚያምጥ ይመስል። እኔም ስዘጋጅበት የከረምኩትን ተናገርኩ። ያለ ማደንዘዣ፣ ያለ ማስታገሻ፣ በራሴ አምጬ ነው የምወልደው። መርፌ አልፈልግም።

ሳቀ። "ሁሉም እዚህ ሲቀመጡ እንዲህ ነው የሚሉት። ምጡ ሲፋፋም ስጡኝ ብለሽ የምትለምኚን አንቺው ነሽ።" ባሌም ተከትሎ ሳቀ። ሰው ላለማስቀየም የሚሳቅ፣ ጥርስ ብቻ የሆነ ሳቅ። እኔ የምሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ነው፤ የውሸት ጥርስ ከሩቅ አውቃለሁ።

"የመጀመሪያዬ አይደለም" አልኩት ሐኪሙን።

ካርዴን ገለበጠ። አንድ ገጽ ላይ ቆመ። "ይቅርታ" አለ። ባሌ ጫማውን ያይ ነበር።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ "እራት ምን ልግዛ?" አለኝ። እራት!

ሰኔ 5፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ሥራ ላይ። የአንዲት ሴትዮ የላይ ጥርስ ስሞርድ ክራንቻውን ሸረፍኩት። እንደገና ከሰም ቅርጹ ልጀምር ነው። ባሌ ጠዋት "ሌሊቱን ሙሉ ጥርስሽን ስታፋጪ አደርሽ" አለኝ። በማን ላይ እንዳፋጨሁ አልጠየቀም።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

እማዬ መጣች፣ እስክወልድ ልትከርም። ኮቷን ሳታወልቅ ጀመረች።

"እውነት ነው የሰማሁት?"

"ምን ሰማሽ?"

"መርፌ አልወጋም ብለሻል አሉ።"

ማን እንደነገራት አልጠየቅኳትም። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ባሌ ነን፤ እኔ አልነገርኳት።

"እማዬ፣ አንቺ እኮ አምስታችንንም ያለ መርፌ ነው የወለድሽው።"

"ወድጄ መሰለሽ? ስለሌለ እኮ ነው! ቢኖርማ ኖሮ በእግሬ ሮጬ ነበር የምሄድለት። እኔ አጥቼ ነው የተሠቃየሁት፤ አንቺ አግኝተሽ እምቢ ትያለሽ።"

"እኔ አንቺን አይደለሁም።"

"አይደለሽም። እኔ ጤነኛ ነበርኩ።"

ሳቄ መጣ፤ ግን ካልኩት ላለመውረድ ዋጥኩት። እስክንተኛ ድረስ ግን ብስጭቴ አልበረደም። ሁሉም ለኔ ያስባሉ። ለኔ የማያስብ አንድ ሰው ባገኝ ከሱ ጋር እጎራበት ነበር።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ወሬው ሥራ ቦታዬም ደርሷል። የምናለሰልስበትን ማሽን የምትይዘው ልጅ ናት ያወራችው፤ ለሷ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ራሴን ልርገም።

አለቃችን፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው፣ ጀሶ እያቦኩ ቀና አሉና "አንቺ ልጅ፣ ጥርስሽን ያለ መርፌ ታስነቅያለሽ?" አሉኝ።

"አላስነቅልም።"

"ታዲያ? ልጅ ከጥርስ አይከብድም?"

ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ በደንብ ለመሳቅ ማሽኑን አጠፋችው። እኔም ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ "ጋሼ፣ ጥርስ ሲነቅሉ እንኳ ጥርሱን ያሳያሉ" አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም። ጋሼ "ምን አልሽ?" አሉ። "ምንም" አልኩ። ጀሶው እጃቸው ላይ ደረቀ።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። እርጉዝ ሴት አፏ አይታመንም፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ መደገፊያ ያለውን የራሳቸውን ወንበር አምጥተው ከኋላዬ አስቀመጡና ሳይናገሩ ሄዱ። ይኼም አናደደኝ። ሰው ሲያዝንልኝ የምይዘው የምለቀው ይጠፋኛል።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ባሌን ቁም ሣጥኑ ላይ ያለችውን ትንሿን ሻንጣ አውርድልኝ አልኩት። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከፍታ ላይ የሚውል ሰው። ከወለሉ ሳይነቃነቅ ቆሞ ቀረ።

"የቷን ሻንጣ?"

"የሕፃን ልብስ ያለባትን።"

ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ እማዬን አያት። እማዬ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች።

"ለሰው ሰጠሁት እኮ። ያኔውኑ። ቤት ውስጥ መቀመጡ ደግ አይደለም ብዬ።"

ሻንጣዋን አወረዳት። ባዶ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከራስጌዬ በላይ ባዶ ሻንጣ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያ አለ እያልኩ ነው የተኛሁት። ቢጫ ሹራብ ነበረበት፤ እኔው የሠራሁት፣ አንዱ እጅጌ ከሌላው የሚረዝም። እንከኑን ለማስተካከል እመለስበታለሁ እያልኩ ነበር።

"ማንን ጠይቀሽ?"

"ማንን ልጠይቅ? አንቺ ተኝተሽ ነበር።"

ተኝተሽ ነበር። እዚህ ቤት ሁሉ ነገር የሚሆነው እኔ ስተኛ ነው።

ማታ ባሌን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። "ስወልድ ክፍሉ ውስጥ አብረኸኝ ትሆናለህ?" ጥያቄውን ሳልጨርስ "እሆናለሁ" አለ። እንዲህ የቸኮለ መልስ አልወድም።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ዛሬ አዋላጇን አገኘኋት። ከኔ በዕድሜ ታንሳለች። እጇ ሰፊ፣ ድምጿ ወፍራም። መርፌ አልፈልግም ስላት አልሳቀችም፤ ለዚህ ብቻ ልስማት ነበር።

"ይቻላል" አለችኝ። "ትራመጃለሽ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ትንጠለጠያለሽ፣ ወገብሽን በሙቅ ውሃ እንይዝልሻለን። ትጮሂያለሽም። ብቻ ወደ ላይ አትጩሂ፣ ወደ ታች ጩኺ፣ ከሆድሽ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ልጁ ከተቸገረ እምቢታሽን አልሰማም።"

"እሱ ገብቶኛል።"

"ሐሳብሽን ከቀየርሽም ማንም አይታዘብሽም።"

"አልቀይርም።"

"እሺ። ባለፈው ምን ነበር የሰጡሽ?"

"እኔ እንጃ። ብዙ ሳምጥ ውዬ መርፌ ወጉኝ። ስነቃ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር።"

ካርዱን አነበበች። ቀስ ብላ አነበበች። "ይኼ የሚያስተኛው ነው" አለች። "አሁን የምንሰጠው እንደሱ አይደለም። ከወገብ በታች ብቻ ነው የሚያደነዝዘው። ነቅተሽ ትወልጃለሽ። ሁሉን ነገር ታያለሽ።"

"አልጠየቅኩሽም!" አልኳት።

እንዴት እንደጮህኩ! ኮሪደር ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። እሷ አልተቆጣችም። "ልጅሽን የወሰደው መርፌው እንዳልሆነም ታውቂያለሽ? እትብቱ ነው" አለችኝ። አውቃለሁ! የሚያየኝ ሁሉ ይህን ይነግረኛል። መርፌው ነው ብዬ መቼ አወቅኩና። እኔ ያልኩት

ደከመኝ። ነገ እጽፈዋለሁ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

አልጻፍኩትም። ሥራ በዛ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ፤ ወገቤ አላስቀምጥ አለኝ። ደረጃውን እያረፍኩ ስወጣ የቤታችን በር ገርበብ ብሏል። ባሌ ስልክ ያወራል።

"አዎ ዶክተር... እምቢ ማለቷ አይቀርም... ሲብስባት አይጠይቋት፣ ዝም ብለው ይስጧት። እኔ እፈርማለሁ።"

ዘጋው። እማዬ ከውስጥ "ደግ አደረግህ፣ ልጄ" አለችው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ወጥታ "ምነው፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ። "ደህና ነኝ፣ ነፋስ እየወሰድኩ ነው" አልኳት። የት ያለ ነፋስ! ከዚያ ተነሥቼ ገባሁ። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ወረወርኩት።

"አንተ ማን ነህ የምትፈርመው?"

ፊቱ ገረጣ። "ባልሽ ነኝ" አለ።

"ያኔስ? ያኔም ፈርመሃል?"

"ያኔ..." አለና አቃተው። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የሱ አይመስልም ነበር። "አንቺ ተኝተሽ አለፈልሽ። እኔ ነቅቼ ነበር! ስትጮሂ ከበሩ ውጭ ቆሜ የሰማሁት እኔ ነኝ። ያን ድምፅ ሁለተኛ አልሰማም። አልችልም።"

"እኔም ነቅቼ ቢሆን እወድ ነበር! ልጄን ሳልነቃ ቀበርካት! ሳላያት ቀበርካት!"

እማዬ ወጥ ቤት ውስጥ ውሃውን ዘጋችው።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አልጸጸትም። አልጸጸትም። የመሣሪያ ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ። ዚፑን ለመዝጋት ሲታገል ግን እጁን አየሁት፤ የማንም ሊፍት ሽቦ ላይ የማይንቀጠቀጥ እጅ። አልጸጸትም።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

አንነጋገርም። እማዬ መልእክተኛ ሆናለች።

"ሻይ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው።"

"ሻይ ትፈልጋለህ ወይ ትልሃለች።"

"አልፈልግም በያት።"

ሦስታችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነን! በመጨረሻ እማዬ "እኔ ስልክ አይደለሁም!" ብላ ማንኪያውን ጥላ ተነሣች። ባሌ ሊስቅ ነበር። እኔም። ቀድሜ ላለመሳቅ ሳህኔን ይዤ ሄድኩ።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ባሌ ሥራ ገብቷል፤ አንድ ሕንፃ ላይ ሰዎች ሊፍት ውስጥ ተይዘው። እማዬ የሕፃን ጨርቅ ታጥፋለች፤ እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብያለሁ።

"እሱን አታሳርሪው" አለች፣ ሳትቀና። "እንዳታዪያት ያልኩት እኔ ነኝ። እሱማ እስክትነቃ እንጠብቅ ብሎ ነበር።"

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። "ለምን?"

"እኔ አይቼ ስለማውቅ።"

"ምኑን?"

አንዱን ጨርቅ አጠፈች፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። "አምስት አይደለም የወለድኩት። ስድስት ነው። ካንቺ በፊት አንዲት ነበረች። አንድ ቀን አድራ ሞተች። አቅፌያት ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ክንዴ ላይ አለች። አንቺ እንዲህ እንድትሆኚ አልፈለግኩም።"

ስንት ዓመት! ስንት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ኖረን፣ አምስት ነን እያልኩ ስቆጥር፣ ስታርመኝ አልሰማኋትም። ልቆጣት ፈለግኩ። የምቆጣበት ነገር ነበረኝ፣ እሱም ትልቅ።

"ባታዪያት ኖሮ ይሻልሽ ነበር?" አልኳት።

ጨርቁን ሁሉ አጥፋ ጨረሰች፤ አስቀመጠች፤ ከዚያ መስኮቱን ልትዘጋ ሄደች። መስኮቱ ዝግ ነበር።

አሁንም ተቆጥቻለሁ። ግን የሠራችውን ሾርባ ጠጣሁላት።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ውሃው ፈሰሰ። ወለሉ ሁሉ ረጠበ። እማዬ ታጸዳለች፣ ይጽዳ ብላ አይደለም፣ የምትይዘው አጥታ ነው። ለባሌ ራሴ ደወልኩለት። "ጀመረኝ" አልኩት። "መጣሁ" አለ። ከዚያ ጠብ በኋላ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

ሆስፒታል። ሊፍቱ በሩ ይከፈታል ይዘጋል፣ ይከፈታል ይዘጋል። ባሌ ጎንበስ ብሎ "የበሩ ሴንሰር ነው፣ ትንሽ ቢጸዳ..." ይላል። ምጥ ይዞኝ! "በደረጃ!" ብዬ ጮህኩ። ወደ ላይ ነው የጮህኩት። አዋላጇ ታርመኛለች።

መጣ እንደገና። በኋላ

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ወንድ ነው። አጠገቤ ተኝቷል። አሁን ሁሉንም ልጻፈው።

ምጥ ማዕበል ነው፣ ይመጣል ይሄዳል፣ ተንሳፈፊበት ያሉኝን ሁሉ ባገኛቸው እመታቸዋለሁ። ማዕበል አይደለም። ሕመም ነው። ስለ ተፈጥሯዊ ወሊድ ያነበብኩት ሁሉ "ውስጥሽ ያለውን ኃይል ታገኚዋለሽ" ይላል፤ እኔ ያገኘሁት ስድብ ነው። እንደዚያ ዓይነት ስድብ ማወቄን አላውቅም ነበር። ሐኪሙን ሰደብኩት፣ አልጋውን ሰደብኩት፣ የሊፍቱን ሠሪዎች እስከ ዘር ማንዘራቸው ሰደብኳቸው። አዋላጇ ወገቤን በሙቅ ፎጣ ይዛ "ጥሩ፣ እሱን ወደ ታች አድርጊው" ትላለች። ባሌ ግድግዳው ጋ ቆሟል። አመድ መስሏል። ግን ክፍሉ ውስጥ ነው። ስጮህ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በሩን ግን አላየም።

ሲብስ፣ ይብሳል ካሉኝ በላይ ሲብስ፣ ሐኪሙ ገባ። የመርፌ ዕቃ የያዘች ነርስ ተከትላዋለች። እኔን አላየኝም። ባሌን ነው ያየው።

"እንደተነጋገርነው?" አለው።

ባሌ ላብ በላብ ነበር። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። በዚያች ደቂቃ እሱን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም እሺ እንዲል ፈልጌ ነበር። ይህን ለማንም አልናገርም። እሱ እሺ ቢል መርፌውን አገኛለሁ፣ ጥፋቱም የሱ ይሆናል።

"አልፈርምም" አለ። "እሷን ይጠይቋት። ነቅታለች።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን እያየ፣ "ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። ሳይስቅ ነው የጠየቀኝ።

እፈልግ ነበር። በሁለት እጄ እፈልግ ነበር። አዎ ልል ነበር፤ ብልም የሚገድለኝ አልነበረም፤ አዋላጇም አንገቷን በቀስታ ነቀነቀችልኝ፣ የፈለግሽውን በይ እንደማለት። የወጣኝ ግን "ቆይ" ነው። በጀግንነት አይደለም። እስቲ ይቺን አንዷን ልለፍና እወስናለሁ ብዬ ነው። ያቺን ስጨርስ ሌላዋ መጣች። ቆይ አልኩ። ሌላ መጣች። ቆይ። ነርሷ ዕቃውን ይዛ እንደቆመች አዋላጇ "በቃ፣ አሁን መግፋት ነው፣ ራሱ ይታየኛል" አለች። ሳልወስን ወለድኩ ማለት ነው።

"እጅሽን አምጪ" አለችኝ። ወሰደችና አስነካችኝ። እርጥብ ጸጉር። ትኩስ።

ከዚያ ወጣ። መጀመሪያ ዝም አለ። እዚያ ዝምታ ውስጥ የሆንኩትን መጻፍ አልችልም፤ ባሌ ግድግዳውን ለቆ እጄን ሲይዘኝ ግን አጥንቴን ሊሰብረው ነበር። ከዚያ አለቀሰ። ሕፃኑ። ባሌም። እማዬ ኮሪደር ላይ ሆና "አለቀሰ! አለቀሰ!" ስትል ሕንፃው ሁሉ ሰማ።

ደረቴ ላይ አደረጉልኝ። አየሁት። ጠባብ ግንባር፣ የተጨፈለቀ አፍንጫ፣ ዓይኑን በንዴት አጥብቆ የዘጋ፣ ድዱ ጽጌረዳ የመሰለ። አገላብጬ አየሁት። ነርሷ ልታጥበው ብትል "አልጨረስኩም" አልኳት። ሐኪሙ "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ" አለኝ። "ይቅርታ ስለስድቡ" አልኩት። "የሊፍቱ ይበልጥ ነበር" አለ።

ስወልድ ንዴቴ አብሮ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እንግዴ ልጁ ወጣ፤ ንዴቱ አለ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ቤት ነን። እማዬ ገበያ ወጥታለች። ባሌ ሕፃኑን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ እንዳይነቃ መተንፈስ የፈራ ይመስላል። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ሳየው ቆየሁ። አያያዙን አየሁት። የሕፃኑን መቀመጫ በመዳፉ፣ ራሱን በክርኑ መታጠፊያ። ማንም ሳያሳየው እንዴት አወቀ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ገባኝ።

"አቅፈሃት ነበር?" አልኩት።

ቀና አላለም። "አዎ።"

"ምን ትመስል ነበር?"

የሕፃኑን ጨርቅ ወደ ላይ ሳብ አደረገ። ሊነግረኝ እንዳልሆነ አስቤ ንዴቴን ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር።

"ጸጉር ነበራት" አለ። "ብዙ። ከዚህ ይበዛል። ጆሮዋ ያንቺ፣ ታችኛው ጫፍ የተጣበቀ። ጣቶቿ ረጃጅም ነበሩ። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፤ ሌላው ሁሉ የተኛች ነው የሚመስለው። ቢጫውን ሹራብ አለበስኳት። እናትሽ ሌላውን ከመስጠቷ በፊት ወሰድኩት። አንዱ እጅጌ ረዘመባት፤ አጠፍኩላት።"

አለቀስኩ። ሕፃኑን እንዳልቀሰቅሰው ትራሱን ነክሼ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝም። ብትጠይቂኝም እፈራ ነበር። እንዳላሳየሁሽ የማስታውስሽ እየመሰለኝ።"

ልጮህበት እችል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሹራቡ ሻንጣው ውስጥ አለ እያልኩ ስተኛ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። በዚህ ገና እንጣላለን፤ በደንብ እንጣላለን። ዛሬ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረኝ።

"ስም አወጣህላት?"

አሁን ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። "ለማንም አልተናገርኩትም" አለ። ከዚያ ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም። ለካ ሥራ ሲሄድ፣ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን ሲሆን፣ ይጠራት ኖሯል።

"ድገምልኝ" አልኩት።

ደገመልኝ።